ያላበው ጣሪያ

ጎንደር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝናቡ በጊዜው ገብቶ በጊዜው ወጥቷል፤ ገብሱም ሸጋ ነው። የአገራችን ጊዮርጊስ ከባሕር ማዶ ብርድ ይሰውርዎ።

የእጅ ጽሑፉ ከወትሮው ቢለይብዎ አይገረሙ። የአጎትዎ ልጅ የእንዳልካቸው ልጅ፣ እናኑ ነኝ። እርስዎ በ83 ከአገር ሲወጡ የአራት ዓመት ልጅ ስለነበርሁ አያስታውሱኝም። እስከ ዛሬ ለእናትዎ ለእማሆይ ወርቅውሃ ደብዳቤ ይጽፉላቸው የነበሩት መሪጌታ ዓይናቸው ደክሟል። እማሆይም «ከእንግዲህ አንቺ ጻፊልኝ» ብለው አዘውኛል። እርሳቸው ያው ገብስ አምባ ናቸው። እኔ ጎንደር ብሆንም ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ስለማይጠፋ መልእክታቸው ይደርሰኛል።

ጎንደር ያመጣኝ ትምህርት ነው። በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሕንፃ ሥራ እማራለሁ። ሠላሳ ሁለት ሆነን ስንገባ ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነን። ዘንድሮ አዲስ የተጨመረ ትምህርት አለ፤ ብርድና ሙቀት የሚመክት፣ ማገዶ የማይፈጅ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ነው። የሚያስተምሩን መምህር ኡዘይር ይባላሉ። አባታቸው አራዳ ውስጥ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲሸጡ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። «አባቴ ለጎንደር ሁሉ ቆርቆሮ ሸጠ፤ እኔ ከቆርቆሮው ሥር ምን መደረግ እንዳለበት አስተምራለሁ» ይላሉ።

በግቢው ውስጥ ሁለት ጠባብ ክፍሎች ተሠርተዋል። አንዷ ብሎኬትና ቆርቆሮ ብቻ ናት። ሌላዋ ግድግዳዋ ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስና ገለባ ያላት ናት። በሁለቱም ቴርሞሜትር ተሰቅሏል። እኛ ተራ ገብተን ጠዋትና ቀን እያነበብን እንጽፋለን። ጠዋት የቆርቆሮዋ ዘጠኝ ስትል የገለባዋ ዐሥራ አምስት ትላለች። ሰባት ሰዓት ላይ ደግሞ የቆርቆሮዋ ሠላሳ ሦስት ገብታ የገለባዋ ከሃያ ሁለት አታልፍም። የመጀመሪያው ቀን ያሾፉብን ነበር የመሰለኝ። አሁን ግን ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ ወደ ጣሪያው ይሄዳል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። በግንባታ ላይ የሚጫሙት ጠንካራ ጫማ በእኔ ቁጥር እዚህ አይገኝም። ሠላሳ ሰባት ቁጥር ነኝ። ካልተቻለዎ ምንም አይደለም።

እማሆይ «ደኅና ነኝ በይው» ብለዋል።

አክባሪዎ እናኑ እንዳልካቸው


በርገን፣ ኅዳር 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

እንደምን ከርመሻል፤ እናትሽ፣ አባትሽ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እንደምን ነው። እኔ አምላክ ይመስገን አለሁ። እዚህ ዝናብ ነው። ክረምት ገባ ወጣ የሚባል ነገር የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል።

የእንዳልካቸው ልጅ ግንበኛ መሆኗን ስሰማ ብቻዬን ሳቅሁ። አባትሽ ልጅ ሳለን የሠራው የጥጃ ጋጣ በሦስተኛው ቀን ተንዷል። ሲመቸው ጠይቂው። ጫማውን ልኬያለሁ፤ ጓንትም ጨምሬበታለሁ። እኔም እዚህ በሕንፃ ሥራ ላይ ስለሆንሁ፣ ተቆጣጣሪም ስለሆንሁ፣ እንዲህ ያለው ዕቃ ከእጄ አይጠፋም።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ለእናቴ ቤት ላሠራ አስቤያለሁ። ዘመድ መካከል ሙያውን የሚያውቅ ሰው መገኘቱ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው። የምፈልገው ብሎኬት ነው፤ ቆርቆሮው አንጸባራቂ ይሁን፤ መስኮቶቹ ትልልቅ ባለ መስታወት ሆነው ወደ መንገዱ ይዙሩ፤ በረንዳም ይኑረው። እናቴ በሳር ቤት ውስጥ አርጅታ ሰው እንዲያዝንላት አልፈልግም። ስንት እንደሚፈጅ ጻፊልኝ።

ቢያዝን


ጎንደር፣ ጥር 16 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጫማው ልክ ሆኖኛል። ጓንቱን ግን መምህር ኡዘይር ሲያዩት ስለወደዱት በተራ ነው የምናደርገው።

የቤቱን ነገር ለመነጋገር ገብስ አምባ ሄጄ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ። የጥርን ብርድ እርስዎም አይረሱትም፤ ጠዋት በእንስራው ውስጥ ያለው ውሃ ላይ ስስ በረዶ ነበር። እማሆይ «ልጄ ምነው ለእኔ ይደክማል? ሳር ቤቱ ከእኔ ጋር ያረጅ» አሉ። «ቢሠራስ ምን ዓይነት ይሁን?» ብላቸው «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት» አሉኝ። ሌላ የጠየቁት የለም።

አያ ቢያዝን፣ ቅር ሳይሰኙ ያድምጡኝ። ብሎኬቱ ከጎንደር በመኪና ከመጣ በኋላ ሁለት ሰዓት በአህያ መጓዝ አለበት፤ ግማሹ መንገድ ላይ ያልቃል። ድንጋይ ግን ከደጃቸው አለ። አያ ወልደኢየሱስ፣ የመንደሩ ግንበኛ፣ ክንድ ሙሉ ውፍረት ያለው ግድግዳ አብረውኝ ለመገንባት ተስማምተዋል። ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ለቤቱ የሚመልስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ነው። መንገዱ በሰሜን በኩል ስለሆነ ከዚያ ፀሐይ አይመጣም፤ ነፋስ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ትልቁ መስኮት ወደዚያ መዞር አለበት፤ ለጠዋቱ ፀሐይ በምሥራቅ በኩል ትንሽ መስኮት ይበቃል። ቆርቆሮው ይሁን፤ ግን ከሥሩ ኮርኒስና የገብስ ገለባ ያስፈልገዋል። መስኮቱ ወደ መንገድ ቢሆን አላፊ ያየዋል፤ እማሆይ ግን ይበርዳቸዋል።

በዚህ ዓመት እያንዳንዳችን አንድ የተግባር ሥራ ማስረከብ አለብን። ከፈቀዱልኝ የእኔ ይህ ቤት ይሆናል።

እናኑ


በርገን፣ የካቲት 24 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። እንደ አባትሽ ግትር ነሽ፤ አባትሽ ግን ምክንያት አያቀርብም ነበር።

ይሁን፤ ድንጋይ ይሁን፤ መስኮቱም ወደ ደቡብ ይዙር። ነገር ግን ቀን እቆርጥልሻለሁ። እዚህ ያለን የአገር ልጆች የሚካኤል ማኅበር አለን። የሰኔ 12 ተራው የእኔ ነው። በዚያ ቀን የእናቴን ቤት ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ማየት እፈልጋለሁ፤ እናቴ ከበሩ ላይ ቆማ። ዐሥራ አምስት ዓመት ስለዚህ ቤት አውርቻለሁ። ሰው አሁን አሁን ሲያዳምጠኝ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይጠይቀኝም።

ገንዘቡን በአባትሽ ስም ልኬያለሁ። በርቺ።

ቢያዝን


ገብስ አምባ፣ ግንቦት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

ከእማሆይ ደጅ ሆኜ ነው የምጽፍልዎ። ግድግዳው አልቋል፤ ቆርቆሮው ትናንት ተመትቷል። እማሆይ ከሳር ቤታቸው በር ላይ ሆነው የመዶሻውን ድምፅ ሲሰሙ «ሰማዩን ሠሩት» አሉ።

ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሏል። ግንቦት 3 ጀመረ፤ የገለባችን ግማሽ ሜዳ ላይ ነበር። ትንሽ ነካው እንጂ አልራሰም፤ ኮርኒሱ ላይ ከወጣ በኋላ ይደርቃል ብዬ አስቤያለሁ። ኮርኒሱን ከማዳበሪያ ከረጢት ሰፍተን ነው የወጠርነው። ገለባው አንድ ክንድ ይሆናል።

ደግሞ አንድ ነገር ከራሴ ጨመርሁ። የእኛ አገር ነፋስ የጎንደር ነፋስ አይደለም። ስለዚህ በግድግዳው ጫፍና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረውን ክፍተት ሁሉ ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ደፈንሁት። ሻማ ይዤ ብዞር ነበልባሉ አልተነቃነቀም። አያ ወልደኢየሱስ «ልጄ፣ ቤቱ በየት ይተነፍሳል?» አሉኝ። «አያ፣ ቤት ሳንባ የለውም» አልኋቸው። ሳቁ።

ቀኑ እየደረሰብኝ ስለሆነ እዚህ ላይ አበቃለሁ። የተሳሳትሁት ካለ ተቆጣጣሪ ነዎትና ይጻፉልኝ።

እናኑ


በርገን፣ ግንቦት 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

እናኑ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሸጋ ነው። ቀኑ እንዳያልፍ ፎቶግራፉን ቶሎ ላኪ።

ቢያዝን


ጎንደር፣ ሰኔ 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

ፎቶግራፉ ከዚህ ጋር አለ። በፈጣን መልእክት ስለላክሁት ለሚካኤል ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። እማሆይ በሩ ላይ የቆሙት አዲሱን ጋቢያቸውን ለብሰው ነው። ፎቶ አንሺውን ከአምባ ጊዮርጊስ ይዤው ስለሄድሁ ጫማው ጭቃ ሆኖ ተቆጥቷል።

ግንቦት 28 ገቡ። ቄሱ ጠበል ረጩ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። እማሆይ ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ዞሩት።

እናኑ


በርገን፣ ነሐሴ 1 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ምን ብዬ እንደማመሰግንሽ አላውቅም። ፎቶግራፉ በሚካኤል ዋዜማ ደረሰ። ሰው ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበለው። አንድ የወገራ ሰው፣ እንደኔው ወታደር የነበረ፣ ይዞት ማእድ ቤት ገባና ለብቻው ሆኖ ሲያየው አገኘሁት።

አሁን ክረምቱ መሀል ላይ ነው። እናቴ እንዴት ታድራለች? ቤቱ ውስጡ እንዴት ነው? ጻፊልኝ።

ቢያዝን


ጎንደር፣ መስከረም 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረዎ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እዚህ ሁሉ ደኅና ነው። ገብሱ አሽቷል። መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር፤ አሁን ተጠግኗል። አባቴ ሰላም ብሎዎታል። የጥጃውን ጋጣ ጠይቄው «አራተኛ ቀን ነው የተናደው» አለ።

እማሆይ «ደኅና ነኝ በይው» ብለዋል።

እናኑ


በርገን፣ ጥቅምት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

እናኑ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ስለ ገብስ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ ጋጣ ጽፈሻል። ስለ ቤቱ አንድ ቃል የለበትም። አንቺ ስለ ቤት ሳትጽፊ ደብዳቤ ጨርሰሽ አታውቂም።

እናቴ እንዴት ናት?

ቢያዝን


ጎንደር፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን እንደመጣልኝ ልጻፈው።

ለመስቀል ሳላስታውቅ ገብስ አምባ ሄድሁ። አዲሱ ቤት ተቆልፎ አገኘሁት። ከሳር ቤቱ ጢስ ይወጣል፤ ውስጡ ሳል ሰማሁ። ስገባ እማሆይ ከመደቡ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ደነገጡ፤ ሳልጠይቃቸው «ዕቃ ልወስድ መጥቼ ነው» አሉ። አልጋቸውም፣ ዳዊታቸውም፣ ድስታቸውም እዚያው ነበር።

ቁልፉን ተቀብዬ አዲሱን ቤት ከፈትሁ። መሬቱ ተጠርጓል፤ ወንበሩ ተደርድሯል፤ ሰው አይኖርበትም። ሽታው ገፋኝ። የኮርኒሱ ከረጢት በሦስት ቦታ ሆዱን ነፍቶ ተንጠልጥሏል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ቀድጄ እጄን ሰደድሁ። ገለባው እንደ ፍግ ይሞቃል። የጨበጥሁትን ሳወጣው ጥቁር ነው፤ ነጭ እንጉዳይ በቅሎበታል። ውሃ በክንዴ ወረደ። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው ብዬ ወጥቼ ሚስማሩን አንድ በአንድ አየሁት። አንድም አያፈስም። ቤቱ ነው ያላበው። የእማሆይ ትንፋሽ፣ የሚያፈሉት ውሃ፣ የእሳቱ እንፋሎት ሁሉ ወደ ላይ ይወጣና መውጫ ያጣል። ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ውሃ ሆኖ በገለባው ላይ ይመለሳል። መውጫውን የደፈንሁት እኔ ነኝ።

ተመልሼ ከአጠገባቸው ተቀመጥሁ። «መቼ ወጡ?» አልኋቸው።

«ለሐምሌ ሥላሴ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንቺ ገና ተማሪ ነሽ። ሰው የመጀመሪያ ሥራዋ ተበላሸ ብሎ እንዲያወራብሽ አልፈለግሁም። እንግዳ ሲመጣ እከፍተዋለሁ፤ አስቀምጠዋለሁ፤ ሲሄድ እዘጋዋለሁ። ልጄም በፎቶው ደስ ብሎታል። ምን ጎደለ?»

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። ሳሉም ከዚያው ቤት ያገኙት ነው። ጤና ጣቢያ ወስጃቸው መድኃኒት ተሰጥቷቸዋል፤ አሁን ቀለል ብሏቸዋል።

ከዚህ የሚብሰውን ልንገርዎ። ገለባው «ትንሽ ነካው» ብዬ ጽፌልዎ ነበር። ትንሽ አልነበረም። ስንጨምቀው ውሃ ይወጣው ነበር። አያ ወልደኢየሱስ «ለጥር ይቆይ» ብለውኛል። በጣሪያው ዳር የአየር መውጫ እንዲቀር መምህር ኡዘይርም አስተምረውን ነበር፤ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል። እኔ ግን ሰኔ 12ን አሰብሁ፤ ከመምህሬም የበለጠ ያወቅሁ መሰለኝ። የተግባር ሥራውን ውጤት ሳልቀበል ለመምህር ኡዘይር ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። ለእርስዎ ለመንገር ግን እስከ ዛሬ አቅም አጣሁ።

ገንዘብዎንም አመኔታዎንም አበላሽቻለሁ። የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

እናኑ


በርገን፣ የካቲት 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ደብዳቤሽ ለገና ደረሰኝ። ሁለት ወር ሙሉ በሥራ ልብሴ ኪስ ይዤው ዞርሁ። ተቆጥቼ ነው ብለሽ አስበሽ ይሆናል። አይደለም።

እኔ ተቆጣጣሪ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ሥራዬ በሰው ቤት ጣሪያ ሥር በደረቴ እየተሳብሁ ገብቼ የበሰበሰውን ማውጣትና ብርድ የሚመክት አዲስ የሱፍ ንጣፍ መጎዝጎዝ ነው። ይህ ከተማ ዝናባም ስለሆነ የቤት እንጨት ይበሰብሳል። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ይህንኑ ነው። ሥራውን ስጀምር ለእናቴ «ተቆጣጣሪ ሆንሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልሁም።

ስለዚህ የግንቦቱን ደብዳቤሽን ሳነብ፣ «ዙሪያውን በድንጋይና በጭቃ ደፈንሁት» የምትለው ላይ ስደርስ፣ ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ። እንደዚያ የታፈነ ጣሪያ ስንቱን ከፍቻለሁ፤ ሽታውንም አውቀዋለሁ። በዚያኑ ቀን «ክፈቺው፣ ገለባውንም አውርጂው» ብዬ ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ከጻፍሁ ቤቱ ለሰኔ አይደርስም። እንዴት አወቅህ ብትይኝም ምን እመልሳለሁ? «ሸጋ ነው» ብዬ ጻፍሁ። የእናቴን ደረት አውቄ ነው ለፎቶግራፍ የሸጥሁት። አንቺ ሳታውቂ አጠፋሽ፤ ያወቅሽውንም ተናገርሽ። እኔ አውቄ ዝም አልሁ።

አሁን ሥራውን እንነጋገር፤ ይህን እንኳ እችላለሁ። ገለባውን ሁሉ አውጪ፤ አንድ እፍኝ አታስቀሪ። ወራጁን በመጥረቢያ ጀርባ እየመታሽ ስሚው፤ የበሰበሰ እንጨት ድምፁ ደንቆሮ ነው። ዙሪያውን የደፈንሽውን ክፈቺና አይጥና ወፍ እንዳይገባ በሽቦ ወንፊት ሸፍኚው። በአዲሱ ገለባና በቆርቆሮው መካከል ሁለት ስንዝር ባዶ ይቅር፤ ነፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይውጣ። ነፋሱ መከልከል ያለበት ከገለባው በታች ነው፤ ኮርኒሱ ከሥሩ በደንብ ይለሰን። ለምድጃው ጢስ መውጫ ሥሪ። ሥዕሉን በሌላ ወረቀት አድርጌልሻለሁ፤ እጄ ለሥዕል አይታዘዝምና ታገሺኝ።

የሚያስፈልገውን ገንዘብ ልኬያለሁ። ከዚያ የሚተርፈው ለሌላ አንድ ክፍል ይሁንላት፤ ሰፋ ብላ ትኑር። ይህን ደብዳቤ ለእናቴ አንብቢላት። ሁሉንም፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ።

ቢያዝን


ጎንደር፣ ግንቦት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለተከበሩ አያ ቢያዝን፣

እግዚአብሔር ጤናዎን ያብዛልዎ። በዚህ ደብዳቤ የምነግርዎ ብዙ ነው።

ደብዳቤዎን እንዳዘዙኝ አነበብሁላቸው። የጣሪያ ሥር ሥራዎን ያነሱበት ላይ ስደርስ እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ። «በደረቱ እየተሳበ?» አሉ። «አዎ» አልሁ። «ልብሱን ማን ያጥብለታል?» አሉ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አደመጡኝ።

መምህር ኡዘይር የሥራዬን ውጤት ሲሰጡኝ «ወድቀሻል» አሉ። ቀጥለውም «ማለፍ ከፈለግሽ ግን የክፍሉን ተማሪ በሙሉ ወደ ቤቱ እወስድልሻለሁ» አሉኝ። በመጋቢት መጨረሻ ሃያ ስምንት ሰው በአውቶቡስ አምባ ጊዮርጊስ ወረድን፤ ከዚያ በእግር ሄድን። መምህሩ ከግድግዳው ሥር አቆሙኝና «አስረጂ» አሉኝ። የት እንደተሳሳትሁ፣ ማን እንዳስጠነቀቀኝ፣ ለምን እንዳልሰማሁ በጓደኞቼ ፊት ተናገርሁ። አንዱ ሊስቅ ሲል መምህር ኡዘይር ጥቁሩን ገለባ አንስተው በእጁ አስያዙትና «አሽትተው» አሉት። ከዚያ የሳቀ የለም።

አምስት ቀን ሠራን። ወራጁን በመጥረቢያ ጀርባ መታሁ፤ ሁለቱ ደንቁረው ነበርና ለወጥናቸው። ኮርኒሱን በከረጢት ፋንታ በሸምበቆ ሠርተን ከሥሩ ጭቃና ጭድ ለሰንነው፤ በላዩ ኖራ ቀባነው። ገለባው የጥር ነው፤ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል። ዙሪያው ተከፍቶ ወንፊት ተደረገበት። ያንን የደፈንሁትን ድንጋይ ሲፈነቅሉ አያ ወልደኢየሱስን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እኔም ሲባል ሰምቼ ነው እንጂ ምክንያቱን አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ገባኝ» አሉኝ።

እማሆይ ግን ወዲያው አልገቡም። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሦስት ቀን ዘነበ። በሦስቱም ቀን ጠዋት ጠዋት አዲሱን ቤት ከፍተው ገብተው በመቋሚያቸው ጫፍ ኮርኒሱን እየነኩ ጫፉ ረጥቦ እንደሆነ በእጃቸው ያዩ ነበር አለችኝ ጎረቤታቸው። በአራተኛው ቀን አልጋቸውን ከሳር ቤቱ አስወጥተው ራሳቸው ዳዊታቸውን ይዘው ገቡ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አብሬያቸው አደርሁ። ጠዋት ፀሐዩ ከምሥራቁ ትንሽ መስኮት ገብቶ እግራቸው ላይ ደርሶ ነበር። ሳላቸውን አልሰማሁም። ማገዶው ካምናው በግማሽ እንደቀነሰ ነገሩኝ።

ከሦስት ቤት «ለእኛም ሥሪልን» ብለውኛል። የብቃት ምዘናውን በሚመጣው ወር እፈተናለሁ።

ለሌላው ክፍል የላኩት ገንዘብ ግን ከአባቴ ዘንድ እንዳለ ነው። መሠረቱን ልለካ ስል እማሆይ ገመዱን ከእጄ ወሰዱት። ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎ። «እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ አንድ ክፍል ይበቃኛል። ክፍሉ ለእርሱ ከሆነ ግን አንቺ አንድ ድንጋይ እንዳታስቀምጪ። እጁ ሥራ ያውቃል፤ መጥቶ ይሥራው። ስለ ደረቴ አልተቀየምሁም። የተቀየምሁት በሥራው ማፈሩን ነው። የሰው ቤት ማድረቅ ምን ነውር አለው?»

እናኑ


በርገን፣ ነሐሴ 9 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእናኑ፣

ደብዳቤሽን ለዚያ ለወገራው ሰው አነበብሁለት፤ ስለ እኔ ሥራ የሚናገረውንም ጭምር። «እኔም ሆቴል ውስጥ ሰሃን ነው የማጥበው» አለኝ። ዐሥር ዓመት አብረን ማኅበር ስንጠጣ ሁለታችንም አልተነጋገርነውም።

ሰው ሁሉ ለአዲሱ ሺህ ዓመት ለመግባት ትኬት ይዟል። እኔ ግን መስከረም ለግንብ አይሆንም ብዬ ተውሁት። ከአሠሪዬ የሁለት ወር ፈቃድ ጠይቄ ለጥር አግኝቻለሁ። ድንጋዩን ከአሁኑ አስቆፍሪ፤ ገለባውን ሳይዘንብበት ሰብስቢ። መሠረቱን አትንኪ። የክፍሉን ስፋት አንቺ ወስኚ፤ ግንበኛዋ አንቺ ነሽ፤ እኔ አቀባይ ነኝ። ድንጋይ ማቀበል በጣሪያ ሥር ከመሳብ ይሻላል።

ጎንደር የምገባው ጥር 14 ቀን ነው። በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስ እወርዳለሁ፤ ከዚያ መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ሰው እንዳይቀበለኝ። ቀኑን ለእናቴ ንገሪያት። እስከ ዛሬ «ለከርሞ» እላት ነበር እንጂ ቀን ነግሬያት አላውቅም።

ቢያዝን